ሞርባዝ፦ አንዲት መንደር በሒሳብ መዝገቧ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን አውራጃ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ኤክስሙር የሚባለው ነፋሻማ ደጋ ወደ ሸለቆዎች ዝቅ ማለት በሚጀምርበት ቦታ ሞርባዝ የምትባል መንደር አለች። ንጉሥ አልተወለደባትም፤ ስሟ የሚጠራበት የጦር ሜዳም የላትም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በውስጧ የሚኖሩት 33 ያህል ቤተሰቦች ብቻ ሲሆኑ፣ ኑሯቸውም በግ ማርባትና ከተዳፋቱ ላይ ጥቂት እህል ማምረት ነበር። እንዲያም ሆኖ የእንግሊዝ ሃይማኖት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንዴት እንደተገለባበጠ ከልቡ መረዳት የሚሻ ሰው፣ ከለንደን ቤተ መንግሥት ደብዳቤዎች ይልቅ የዚህችን መንደር የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ቢያነብ የበለጠ ይማራል ብዬ አምናለሁ።

ይህን እንድል ያደረጉኝ አንድ ቄስ ናቸው። ሰር ክሪስቶፈር ትሪኪ የሞርባዝን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የተረከቡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520 ሲሆን (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1574 እስኪሞቱ ድረስ ለ54 ዓመታት የመንደሯ ካህን ሆነው ኖረዋል። በስማቸው ላይ ያለው «ሰር» የመኳንንት ማዕረግ አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ ያልተመረቁ ካህናት በዚያ ዘመን በአክብሮት የሚጠሩበት ነው። እርሳቸው ሲሾሙ ንጉሡ ሄንሪ 8ኛ ገና ለሮሙ ፓፓ ታማኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሄንሪ ከሮም ተለየ፤ ልጁ ኤድዋርድ 6ኛ ምስሎቹንና መሠዊያዎቹን አስፈረሰ፤ ሜሪ ነግሣ የፈረሰውን ሁሉ መልሱ አለች፤ ኤልሳቤጥ ደግሞ የተመለሰውን እንደገና አስወገደች። ይህ ሁሉ ሲወርድና ሲወጣ የሞርባዙ ቄስ በየዓመቱ ብዕራቸውን አንሥተው የሰበካውን ገቢና ወጪ ይጽፉ ነበር።

የሒሳብ መዝገብ ሲባል ደረቅ የቁጥር ዝርዝር ይታየን ይሆናል፤ የሞርባዙ ግን የሰው ድምፅ አለበት። በየዓመቱ ከምእመናኑ መካከል በተራ የሚሰየሙ ሹማምንት በእጃቸው የገባውንና የወጣውን ለሕዝቡ ማስረዳት ነበረባቸው። ቄሱ ታዲያ በእነዚህ ሹማምንት አንደበት ይጽፉላቸዋል፤ «ተቀብያለሁ»፣ «ከፍያለሁ» የሚለው ሹሙ ነው፣ ብዕሩ ግን የቄሱ ነው። ከዚያም ሕዝቡ በተሰበሰበበት ጮክ ብለው ያነቡታል። የተጻፈው ለጆሮ ስለሆነ አጻጻፉ የዴቨንን አነጋገር እንዳለ ይዟል፤ ለጋሽ ሲመሰገን፣ ያልከፈለ ሲታወስ፣ ቄሱ ሲደሰቱና ሲከፉ ይሰማል። በዚያ ዘመን በመላው እንግሊዝ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ መንደሮች ነበሩ፤ የአብዛኞቹ ሕዝብ ግን ስሙ እንኳ ሳይጻፍ አልፏል። በሞርባዝ ግን ሹም የሆነው ገበሬ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተናዘዘችው መበለት፣ መዋጮ ያሰባሰበችው ልጃገረድ በየስማቸው ተመዝግበው ይገኛሉ።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ገጾች የሞሉት በጎች ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በእመቤታችን ማርያም፣ በኢየሱስና በልዩ ልዩ ቅዱሳን ስም የቆሙ ምስሎች ነበሩ፤ በፊታቸው የሚበራው ሻማ እንዳይጠፋም ለየስማቸው የተለየ ገንዘብ፣ ለብዙዎቹም የተለየ የበግ መንጋ ነበራቸው። እነዚህ በጎች በአንድ ጉረኖ አይታጎሩም። የእመቤታችን በግ አንዷ እዚህ ገበሬ ዘንድ፣ ሌላዋ ከወንዝ ማዶ ካለው ጎረቤቱ ዘንድ፣ ከባለቤቶቹ በጎች ጋር ተቀላቅለው ይሰማራሉ። በዓመቱ መጨረሻ ሹሙ ቆሞ የትኛዋ እንደ ወለደች፣ የትኛዋ እንደ ሞተችና ቆዳዋ እንደ ተሸጠ፣ ከሱፉ ስንት ፔንስ እንደ ተገኘ ይናገራል። ስለት ተስሎ ለደብሩ በግ የነዳ ወይም ሲነዳ ያየ የእኛ አገር ሰው ይህን ሲያነብ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ቢሆን ያው የእኛው ሰማዕት ነው።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ሥርዓት ሥራውንና ክብሩን ለስንት ሰው እንዳከፋፈለው ነው። ከዋናዎቹ ሹማምንት ሌላ ያላገቡ ወንዶች የወጣቶች ማኅበር ነበራቸው፤ ልጃገረዶችም እንዲሁ የራሳቸው ማኅበር፣ የራሳቸው ገንዘብና ከመካከላቸው የሚሰየሙ ሹማምንት ነበሯቸው። ወንጌሉ በላቲን በሚነበብበት፣ መሬቱ የጌቶች በሆነበት፣ ሴት ልጅ በሸንጎ ቃል በማይሰጣት ዘመን፣ የአንድ ገበሬ ልጅ በሰበካው ፊት ስሟ እየተጠራ በእጇ ያለው ገንዘብ ሲነገር መስማት ቀላል ነገር አይመስለኝም። ባሏ የሞተባት ሴትም የቤተሰቡ ተራ ሲደርስ ዋና ሹም ትሆን ነበር። ትልቁ ገቢ የሚገኘው ደግሞ ከጠላ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ዋናዎቹ ሹማምንት፣ ሌላውን ወጣቶቹ የገብስ ጠላ ጠምቀው በቤተ ክርስቲያኑ የግብዣ ቤት ለመንደሩና ለአጎራባች ሰበካዎች ይሸጣሉ፤ ጣራ የሚጠገነውና ደወል የሚሰቀለው ጎረቤት ከጎረቤት ተቀምጦ በሚጠጣው በዚህ ጠላ ገንዘብ ነበር።

ቄሱ ወደ ሞርባዝ ሲመጡ አንዲት ቅድስት ይዘው መጡ። ቅድስት ሲድዌል የኤክሰተር ከተማ ሰማዕት ናት፤ ትውፊቱ እንደሚለው የእንጀራ እናቷ ርስቷን ተመኝታ አጫጆችን በገንዘብ ገዝታ በማጭድ አንገቷን አስቀላቻት፤ ደሟ በፈሰሰበትም ምንጭ ፈለቀ። ሰር ክሪስቶፈር የእርሷን ምስል በራሳቸው ወጪ አስቀርጸው በኢየሱስ መሠዊያ ላይ አቆሙት። መጀመሪያ ላይ ለመንደሩ ሰው እንግዳ ነበረች። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሴቶች መቁጠሪያቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን ይናዘዙላት ጀመር፤ የብር ጫማ ተሠራላት፤ በመጨረሻም ሰዎች ሴት ልጆቻቸውን ሲድዌል እያሉ አስጠመቁ። አንድ ካህን የሚወደውን ነገር ለሕዝቡ ሲያወርስ፣ ሕዝቡም ቀስ በቀስ የራሱ ሲያደርገው እንዲህ በግልጽ የሚታይበት ሰነድ ብዙ አይገኝም።

በ1534 ሌባ ገባ። ቄሱ አገባቡን በዓይናቸው እንዳዩት ያህል ጽፈውታል፦ መሰላል አቁሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ወጣ፣ መሰላሉን ወደ ላይ ጎትቶ በደወሉ ማማ መስኮት ላይ አስደገፈው፣ በዚያ ገብቶም የቅዳሴውን ጽዋና የቅድስት ሲድዌልን የብር ጫማ ወሰደ። ለ33 ቤተሰብ ጽዋ ማጣት ከባድ ጉዳት ነው። ሆኖም ወጣቶቹና ልጃገረዶቹ በራሳቸው ተነሣሥተው ተሰባሰቡ፣ ከየእጃቸው አዋጥተው ሌላ ጽዋ ገዙ፤ ሰበካውን አንዲት ፔንስ አላስወጡትም። ቄሱ ይህን ሲጽፉ የተሰማቸው ኩራት ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ከገጹ ላይ አልደበዘዘም።

መንደሩ ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። በዚሁ በ1530ዎቹ ለቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ የሚሰጠው እህልና ገንዘብ በማን ላይ እንደሚወድቅ ክርክር ተነሥቶ ሰበካው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ነገሩ የተፈታው በተመረጡ ሽማግሌዎች ነው። ሰር ክሪስቶፈር ጥል የሚያስጨንቃቸው ሰው ነበሩ። ሁሉም በአንድ ቃል ተስማሙ ብለው መጻፍ ሲችሉ ደስ እንደሚላቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የጥቁሩ ልብሰ ተክህኖ ነገር ነው። ቄሱ ለሙታን ጸሎተ ፍትሐት በሚደረስበት ጊዜ የሚለበስ ጥሩ ጥቁር አልባሳት ለደብራቸው ይመኙ ነበር። ድሃ ሰበካ ይህን በአንድ ጊዜ መግዛት አይችልም፤ ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ በጎች ሱፍ ለራሳቸው የሚደርሳቸውን አሥራት ትተው ለዚህ እንዲጠራቀም አደረጉ። ምእመናንም በየኑዛዜያቸው ጥቂት ጥቂት ጨመሩበት። ሃያ ዓመት ያህል ተጠራቅሞ አልባሳቱ የተገዛው በ1547 ነው። በዚያው ዓመት ሄንሪ 8ኛ ሞተ፤ የዘጠኝ ዓመቱ ኤድዋርድ ነገሠ፤ በስሙ የሚያስተዳድሩት ሰዎች ለሙታን ነፍስ የሚደረገውን ቅዳሴ ከንቱ ነው ብለው ለእርሱ የተመደበውን ንብረት በሕግ ወረሱ። የሃያ ዓመት ምኞት በደረሰበት ዓመት የሚለበስበት ጸሎት ተነቀፈ።

ለውጡ በእርግጥ ቀደም ብሎ ጀምሯል። የመንደሩ ባለቤት የነበረው የባርሊንች ገዳም በ1536 ተዘግቶ፣ ከመስኮቶቹ አንዱ ከነባለቀለም መስታወቱ፣ ከነብረቱና ከነድንጋዩ ለሞርባዝ ቤተ ክርስቲያን ተሰጥቷል። በ1538 በቅዱሳን ምስሎች ፊት ሻማ ማብራት ተከለከለ፤ በጎቹ ሲጠበቁ የኖሩት ደግሞ ለዚሁ ሻማ ነበር። እስከዚያ ድረስ ግን ማኅበራቱ አልፈረሱም፤ መንደሩ ትእዛዙን እየፈጸመ የቀረውን ይዞ ቆይቷል። በኤድዋርድ ዘመን የመጣው ሌላ ነው። በጎቹ ተሸጡ፣ የቅዱሳኑ ገንዘብ ቀረ፣ የወጣቶቹና የልጃገረዶቹ ማኅበራት ተበተኑ፣ ጠላው ቆመ። የቀሩትን አልባሳትና ምስሎች ሰዎች በየቤታቸው ወሰዱ፤ አንዳንዱ ገዝቶ፣ አንዳንዱም ለመደበቅ ብሎ ነው።

የሃይማኖት ለውጡን ያመጡት ሰዎች ሕዝቡን ከአጉል እምነት ነጻ ለማውጣት ከልባቸው ያስቡ እንደነበር አልክድም፤ ወንጌልን በሚገባው ቋንቋ መስማትም ለገበሬው ትልቅ ስጦታ ነው። ነገር ግን ምስሉን ሲያወርዱ ከእርሱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ አወረዱት። በሞርባዝ የልጃገረዶች ማኅበር ሲፈርስ ሴት ልጅ በሰበካው ሒሳብ ውስጥ ስሟ የሚጠራበት ቦታ አብሮ ጠፋ። በግ መጠበቅ ሲቀር ድሃው ገበሬ ያለ ገንዘብ፣ በሣሩና በጉልበቱ ብቻ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚያበረክተው ነገር ቀረ። ከዚያ ወዲያ ወጪው የሚሸፈነው በየቤቱ በሚጣል መዋጮ ሆነ፤ በፈቃድ ይመጣ የነበረው በግዴታ ይሰበሰብ ጀመር። የለንደን አዋጆች ስለዚህ የሚናገሩት ነገር የለም፤ የሞርባዝ መዝገብ ግን ዓመት በዓመት ያሳየዋል።

ወደ 1549 ስንደርስ መዝገቡ የሚያስደነግጥ ነገር ይዟል። በዚያ ዓመት ሰኔ 9 ቀን፣ በበዓለ ሃምሳ፣ የላቲኑ ቅዳሴ ቀርቶ አዲሱ የእንግሊዝኛ የጸሎት መጽሐፍ በመላ አገሪቱ እንዲነበብ ታዘዘ። በማግሥቱ ሳምፕፎርድ ኮርትኔይ በምትባል የዴቨን መንደር ሕዝቡ ካህኑን በድሮው ሥርዓት እንዲቀድስ አስገደደው፤ ዓመፁም በዴቨንና በኮርንዎል ተቀጣጠለ። ዓመፀኞቹ ከሐምሌ 2 ጀምሮ ኤክሰተርን ከበቡ፤ አንዱ ሰፈራቸው ከከተማዋ ቅጥር ውጭ ያለው የቅዱስ ዴቪድ ኮረብታ ነበር። የንጉሡ ጦር አዛዥ ሎርድ ራስል የባዕድ ቅጥረኛ ወታደሮች ጭምር ይዞ ነሐሴ 6 ከተማዋን ነጻ አወጣ፤ ነሐሴ 17 ቀን ሳምፕፎርድ ኮርትኔይ ላይ የመጨረሻው ውጊያ ተደረገ። በእነዚያ ወራት ያለቀው ሰው በሺዎች ይቆጠራል።

በሞርባዝ መዝገብ ውስጥ፣ እንደማንኛውም የዓመቱ ወጪ በአንድ ዓይነት እጅ ጽሑፍ፣ ወደ ቅዱስ ዴቪድ ኮረብታ ሰፈር ለሄዱ አምስት የመንደሩ ሰዎች የተከፈለ ገንዘብ ተጽፏል፤ ለመነሻቸው የተቆረጠላቸው 6 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ነው። ሰበካው ልጆቹን ስም እየጠራ፣ ስንቅ አስይዞ፣ በንጉሡ ላይ ወደ ተነሣው ሠራዊት ልኳል ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ መዝገቡን ያገላበጡ ሰዎች የቦታውን ስም ሳያስተውሉ አልፈውት ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ የታወቀው በእኛ ዘመን ነው። እስከዚያች ዓመት ድረስ ይህች መንደር የመጣውን ትእዛዝ ሁሉ የፈጸመች፣ አምፃ የማታውቅ መንደር ነበረች። ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቆጥሮ የነበረ ሁሉ በዚህ መስመር ይታረማል። ከአምስቱ መካከል ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ውስጥ ስማቸው የማይገኝ አሉ። ቄሱ ስለ ውጊያው አንድ ቃል አልጨመሩም፤ ይህን ጽፎ ማኖር አንገት የሚያስቆርጥ በሆነበት ወቅት ወጪውን መጻፋቸው ራሱ ለእኔ ብዙ ነው። ገንዘቡ የሕዝብ ስለሆነ የት እንደደረሰ ለሕዝብ መነገር ነበረበት፤ ሌላ ምክንያት ያስፈለጋቸው አይመስለኝም።

ሜሪ በ1553 ስትነግሥ ሰር ክሪስቶፈር ወደ ኋላ ተመልክተው ያለፉትን ዓመታት በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጠቀለሉት። ዋና ሹም ከነበረችው ከሉሲ ሲሊ ጀምረው ከእርሷ በኋላ የመጡትን ሹማምንት አንድ በአንድ እየጠሩ፣ በእርሷ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት መሸጡን፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጥ ጠፍቶ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚወሰድ ብቻ መሆኑን፣ በኤድዋርድ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ እየደኸየ መሄዱን ይናገራሉ፤ ከዚያ ንጉሡ እንደሞተና ንግሥት ሜሪ እንደተተካች አስከትለው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በእርሷ ጊዜ እንዴት እንደታደሰ ወደፊት ትሰማላችሁ ብለው ለአድማጮቻቸው ቃል ይገባሉ። የነገሥታት ዘመን በገበሬ ሹማምንት ስም ሲቆጠር ያየሁት እዚህ ነው።

ቃላቸውንም ጠበቁ። የተደበቀው መመለስ ጀመረ። አንዱ ገበሬ የማርያምን ምስል፣ ሌላው የዮሐንስን፣ አንዲት መበለት ደግሞ በቤቷ ያቆየችውን አመጡ። ቄሱ እያንዳንዱን ከነአምጪው መዝግበው፣ እነዚህ ሰዎች እንደ እውነተኛና ታማኝ ክርስቲያኖች አደረጉ ሲሉ አመሰገኗቸው። ይሁንና መንጋዎቹ እንደ ቀድሞው አልተመለሱም። ዕቃ ተደብቆ ሊወጣ ይችላል፤ በየቤቱ ተራ ይዞ የሚኖር የመተማመን ልማድ ግን አንዴ ከተቋረጠ በአዋጅ አይቀጠልም።

ሞርባዝን ሄጄ አይቻታለሁ። መንገዶቹ በሁለት በኩል ከሰው ቁመት በላይ በሆነ የአፈር ድልዳልና ቁጥቋጦ የታጠሩ ስለሆኑ መኪና ከመኪና መተላለፍ ይቸገራል፤ በጎች አሁንም በየተዳፋቱ አሉ። ባቡር በ1873 ደርሶላት በ1966 ተቋርጧል። የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ማማ እንደ ቤት ክዳን በሁለት በኩል ያዘቀዘቀ ጣራ አለው፤ ዊልያም ባተርፊልድ የተባለው አርክቴክት በ1870ዎቹ ሕንፃውን በሰፊው ስላደሰው ሰር ክሪስቶፈር የሚያውቁት ነገር ውስጡ ብዙም አልቀረም። መንደሯን ለማየት የሚመጣ ሰው ዐይኑ የሚያርፍበት ትልቅ ነገር አያገኝም። ሀብቷ በመዝገቡ ውስጥ ነው፤ መዝገቡም በዴቨን ቤተ መዛግብት ተጠብቆ ይገኛል።

ስለ ሰር ክሪስቶፈር አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ኤልሳቤጥ ነግሣ መሠዊያው በድጋሚ ሲፈርስና በቦታው ጠረጴዛ ሲተካ፣ እርሳቸው ግን እንደገና ታዝዘው በቦታቸው ቆዩ። ለእምነቱ ሲል ሹመቱን የተወ ካህን በነበረበት ዘመን ይህ ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ ብዬ መፍረድ አልችልም። ሰማዕታቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እኚህ ሰው ያጠመቋቸውን ልጆች ድረው፣ የልጆቻቸውን ልጆች አጥምቀው፣ የቀበሯቸውን አባቶች ስም በቃላቸው የሚያውቁ ቄስ ነበሩ። ቢለቁ የሚተካቸው ሰው የሲድዌል ጫማ እንዴት እንደተሰረቀ፣ ጽዋውን ማን እንደተካው፣ ወደ ኤክሰተር ማን ሄዶ እንዳልተመለሰ የማያውቅ ነበር። ለእርሳቸው ሃይማኖት ከእነዚህ 33 ቤተሰቦች ተለይቶ የሚገኝ ነገር አልነበረም ብዬ አስባለሁ፤ ስለዚህ ጸሎቱ ሲቀየር ጸሎቱን ቀየሩ፣ ሕዝቡን ግን አልቀየሩም። በኤልሳቤጥ ዘመንም ሹማምንቱ በየዓመቱ ይሰየሙ ነበር፤ ሒሳቡ ይጻፍ ነበር፤ ያረጁት ቄስም ስለ ሻማና ስለ በግ ሳይሆን ስለ መዋጮና ስለ ሕንፃ ጥገና የሚናገረውን ገጽ በዚያው ሕዝብ ፊት ቆመው ያነቡ ነበር።